ለሚካኤል የተሳለው የዋንዛ ቅርንጫፍ

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ከጣና በኩል የመጣ ነፋስ ቁሐር ሚካኤል ያለውን የአባቴን ዛፍ አተራምሶት ሄደ። ዝናቡ እንኳ ይህን ያህል አልነበረም። ነፋሱ ግን የባህር ዛፉን ጫፍ ቀነጠሰ፣ ግራሩን ገነጠለ፣ ከበሩ እስከ ጓሮው ድረስ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ከመረ። እኔ የምኖረው ወረታ ነው። ትራክተር አለኝ፤ የሰው የሩዝ ማሳ አርሳለሁ፣ ሲሰበሰብም አጓጉዛለሁ። ከአባቴ ጋር የምትኖረው ታናሽ እኅቴ በማግስቱ ጠዋት ደወለችና ከቤት ወጥታ በረት ለመድረስ ሦስት ጊዜ መጎንበስ እንዳለባት ነገረችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "የዋንዛውም ወድቋል፤ ያ የአባባ" አለችኝ።

የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ኩፍኝ ይዞኝ ልሞት ደርሼ ነበር አሉ። እናቴ ተስፋ ቆርጣ እኔን ታቅፋ ስታለቅስ፣ አባቴ ደጅ ወጥተው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የዞረውን የዋንዛ ቅርንጫፍ ቀና ብለው እያዩ ለሚካኤል ተሳሉ። ልጄን ካተረፍህልኝ ከዚህ ቅርንጫፍ ከበሮ ፈልፍዬ አስገባልሃለሁ አሉ። እኔ ተረፍሁ። ቅርንጫፉ ያኔ ከሰው ክንድ አይወፍርም ነበርና እስኪወፍር ይቆይ ተባለ። ሲወፍር ንብ ገባበት፤ ንብ ያለበትን ማን ይቆርጣል? ንቡ ሲሄድ ደግሞ አባቴ አርጅተው መጥረቢያ ማንሳት ከበዳቸው። ሌላ ሰው ይቁረጥልዎ ሲባሉ፣ ስለቱ የእኔ ነው፣ የሰው እጅ ለምን ይገባበታል ይላሉ። ይኸውና እኔ ጢሜ ሸብቶ ስለቱ እንደተንጠለጠለ ነው። ሰማንያን ካለፉ ወዲህ አባቴ ሌላ ጭንቀት የላቸውም። ሞቱ አያስፈራቸውም፤ ባዶ እጃቸውን ሚካኤል ፊት መቆሙ ነው የሚያስፈራቸው። ይህንን ለእኔም፣ ለቄሱም፣ ውኃ ለመጠጣት ጎራ ላለ መንገደኛም ነግረዋል።

ያን ሰሞን አባቴ ለእኅታቸው ተዝካር አንበሳሜ ሄደው ነበር። በስልክ አግኝቼ ነገርኋቸው። ማንም ሳይቆርጠው ነው ወይ የወደቀው ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። አዎ አልኋቸው። "እንግዲያ ራሱ ጠየቀኝ ማለት ነው፤ እኔ እስክመጣ ይቆየኝ" አሉ። ሲናገሩ ድምጻቸው የጎልማሳ ድምፅ ሆነ። እኔም፣ ግድ የለም አባባ፣ ለእኔ ይተውት አልኋቸው። ይህችን ቃል በኋላ ስንት ጊዜ እንደረገምኋት።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሥራ በደቦ ነው የሚነሳው። ጠላ ይጠመቃል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ይጎትታል፣ እየተዘፈነ ያልቃል። ግንቦት ላይ ግን ሰው ሁሉ ማሳው ላይ ነው። ክረምቱ ከገባ ደግሞ ሜዳው ውኃ ይተኛበትና ትራክተሬ እስከ ጥቅምት ድረስ ዝር አይልም። ስለዚህ አባቴ ሳይመለሱ በትራክተር ሙልጭ አድርጌ ላጸዳው ቆረጥሁ። እውነቱን ለመናገር ልታይም ፈልጌ ነበር። ትራክተሩን ካመጣሁ ጀምሮ ጎረቤቶቻችን "ሩዝ ከማረስ ሌላ ምን ያውቃል" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ይፋግ ጫፍ ላይ የሚኖር አንድ ቀጥቃጭ አለ። አባቱ ለአባቴ ማረሻ ይሠሩ ነበር፤ እሱ ብየዳም ጨምሮበታል። ከትራክተሩ ኋላ፣ ማረሻው በሚታሰርበት ቦታ የሚገጠም ትልቅ ሹካ ሥራልኝ አልሁት። ወደ ኋላ ሄጄ ከክምሩ ሥር አስገባዋለሁ፣ አነሳዋለሁ፣ ተሸክሜ እሄዳለሁ። እሱ ብዙ አይናገርም። በከሰል ግድግዳው ላይ ሣለና "ይሄን ነው?" አለኝ። ይሄን ነበር። ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ስድስት ጥርስ አወጣለት። ጥርሶቹን ጫፋቸው ላይ ለምን ቀና እንዳደረጋቸው ስጠይቀው፣ ቀጥ ካሉ መሬት ይወጉና ትራክተርህን እንደ ለገመ በሬ ያስቆሙብሃል አለኝ። እኔ ይህን አላሰብሁትም ነበር። ሹካው ባለቀ ቀን፣ ሥራው እንዴት እንደሚሆን ለማየትና የላላ ቡሎን ለማጥበቅ አብሮኝ ቁሐር መጣ።

ምን ልበላችሁ፣ ያች ሹካ ጉድ ነበረች። ግማሽ ቀን ሳይሞላ የባህር ዛፉን ቅርንጫፍ ሁሉ ጠራርጋ ከጓሮ ወዲያ ከመረችው። ወደ ኋላ ገባ፣ አነሳ፣ ወጣ። ማሳ የዋለው ሰው ለምሳ ሲመለስ በአጥሩ ዙሪያ ቆሞ ያያል። እኔ ደግሞ ሰው ሲያየኝ ይብስብኛል። እኅቴ ከበሩ ላይ ሆና፣ ጋሼ፣ ቤቱንም አንስተህ እንዳትሄድ ብላ አሳቀችብኝ።

የዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ ስደርስ ነገሩ ተለወጠ። ሹካውን ከሥሩ አስገብቼ ላነሳው ስል እሱ አልተነሳም፤ የትራክተሩ የፊት ጎማዎች ግን ከመሬት ተነሱ። ተመልካቹ ሳቀ። እኔ ንዴት ሲይዘኝ አላስብም፤ ይህ የቆየ አመሌ ነው። የሞተር መጋዝ ተውሼ አምጥቼ ነበርና ቅርንጫፉን በክንድ በክንድ ከተፍሁት። ከክርን እስከ ጣት ጫፍ፣ አንድ ሰው አንከባሎ ሹካው ላይ ሊያወጣው የሚችለውን ያህል። ስለቱን ረስቼው አይደለም። እንዲያውም እየቆረጥሁ ስለ ከበሮው ነበር የማስበው። ከበሮ የሚያህለው ይህን ያህል አይደለም እንዴ አልሁ ለራሴ። ከአርባ ዓመት በላይ በየበዓሉ ከበሮ ሲመታ አይቻለሁ፤ አንድ ቀን ግን ለክቼው አላውቅም።

የመጀመሪያውን ቁራጭ ቀጥቃጩ ለመስፍ ማስቀመጫ ለመነኝ። ብረት የሚቀጠቅጥበት መስፍ የተተከለበት ግንድ በስብሶበት ኖሯል። ውሰድ አልሁት። ወዲያው ከበረት ትኩስ እበት አምጥቶ የቁራጩን ሁለት ጫፍ ለቀለቀ፣ በጆንያ ጠቀለለ፣ ጥላ ውስጥ አስቀመጠው። እኔ የቀሩትን ወፋፍራም ቁራጮች በመጥረቢያ ልጣጫቸውን ልጬ፣ አባቴ በበሩ ሲገቡ መጀመሪያ እንዲያዩዋቸው ብዬ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ጠራራው ላይ ደረደርኋቸው። ነጭ ሆነው ሲታዩ ያምራሉ። ቀጥቃጩ ቀረብ ብሎ፣ ርጥብ ዋንዛ ተልጦ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል፣ ጥላ ውስጥ አስገባው አለኝ። ሰው አጥሩን ከቦ ያያል፤ ጎማዬ በመነሳቱ ገና አልበረደልኝም። "አንተ ብረትህን እወቅ፤ እንጨቱን ለእኛ ተው" አልሁት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁም የምታውቁት ሳቅ ነው፤ በእኛ አገር ገበሬው ማረሻው ሲዶለዱም ቀጥቃጭ ቤት ይሮጣል፣ ምክር ሲሰጠው ግን ይስቃል። እሱ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጥብቆ ጨረሰ፣ ቁራጩን ትከሻው ላይ አደረገ፣ በእግሩ ሄደ። ላድርስህ እንኳ አላልሁትም።

አባቴ በአራተኛው ቀን መጡ። ከባጃጅ ወርደው በትራቸውን እየተደገፉ ሲገቡ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንደ ሙሽራ እጠብቃለሁ። ግቢው ጸድቷል፣ መንገዱ ተከፍቷል። እሳቸው ግን ግቢውን አላዩም። ቀጥታ ወደ ዋንዛው ሄደው ጎንበስ አሉ። ዓይናቸው ስለደከመ በእጃቸው ነው የሚያዩት። የመጀመሪያውን ዳሰሱት፤ አውራ ጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንጥቁን ተከትሎ ሄደ። ሁለተኛውን ዳሰሱ። ሁሉንም ዳሰሱ። ሁሉም ተሰንጥቆ ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት እያየኋቸው ሳለ መሰንጠቃቸውን አላስተዋልሁም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አስተውያለሁ። ግን ትንሽ ነው፣ ሲፈለፈል ይጠፋል ብዬ ራሴን አታልያለሁ።

"ማን ቆረጠው?" አሉ።

እኔ ነኝ አልሁ። ከበሮ ክንድ ከስንዝር ነው አሉ፣ ቀስ ብለው፣ እንደሚያስተምሩኝ ሁሉ። ቢሰድቡኝ፣ በያዙት በትር ቢሉኝ በተሻለኝ። ቀና ብለው ወደ ቤት ገቡና መደቡ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

እኔ ሰው ዝም ሲለኝ አልችልም። ተከትዬ ገብቼ ባሕር ዳር ሄጄ የተሠራ፣ ያማረ፣ ትልቅ ከበሮ አመጣለሁ አልኋቸው። ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ አምጣና የራስህን ስለት ስጥ፣ የእኔ ይህ አይደለም አሉኝ። የንስሐ አባታችን መጥተው፣ ስለት በሌላ ሊለወጥ እንደሚችል፣ እግዚአብሔር ልብን እንደሚያይ በትሕትና አስረዷቸው። አባቴ የቄሱን ጉልበት ሳሙና፣ "እርስዎ ያሉት እውነት ነው አባቴ፣ እኔ ግን ዛፉን እያየሁ ነው የተናገርሁት" ብለው እንቢ አሉ። በሚቀጥሉት ቀናት እህል ቀነሱ። እኅቴ የሰጠቻቸውን ጎርሰው የቀረውን ይመልሳሉ። ሰማንያ ያለፈ ሰው እህል ሲመልስ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ትራክተሩን አስነሳሁና ያን የከመርሁትን ሁሉ መልሼ በተንሁት። ክምሩን በሹካው እየነቀልሁ፣ ሥር የገባ፣ ጥላ ያገኘ አንድ የዋንዛ ቁራጭ ይኖራል ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ገለበጥሁ። የተገኘው ሁሉ ወይ ቀጭን ነው ወይ ተሰንጥቋል። ግቢው ነፋስ ካደረገው ይልቅ እኔ ባደረግሁት የባሰ ሆነ። ሰው በአጥሩ ሲያልፍ ምን ጠፋህ ይለኛል። እኅቴ እንሥራዋን አዝላ ከውኃ ስትመለስ ቆም ብላ አየችኝና፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አለች። ደግነቱ እዚያ አላቆመችም። ቀጥቃጩ የወሰደውስ አለችኝ።

ረስቼው አልነበረም፤ ልሄድ አፍሬ ነው። በማግስቱ ይፋግ ሄድሁ። ቁራጩ ከወናፉ ራቅ ብሎ፣ ጥላ ውስጥ፣ ጆንያ ለብሶ ቁሟል፤ መስፉን ገና አልተከለበትም። ይደርቅ ብሎ ነው። ጆንያውን ገለጠና አሳየኝ። ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ የለበትም። የመጣሁበትን ነገርሁት፤ የአባቴን ነገር፣ የስለቱን ነገር፣ እህል መመለሳቸውን። ከዚያ ይቅርታ አድርግልኝ አልሁት፣ ያን ቀን በድዬሃለሁ።

እሱ ወናፉን አቆመና፣ "ይቅርታህን እዚህ አትስጠኝ። የሰደብኸኝ ጎረቤቶችህ ፊት ነው፤ እዚያው ፊታቸው ንገረኝ" አለኝ።

ንዴቴ መጣ። ግን ምን ብዬ ልናደድ? ያለው ሁሉ ልክ ነው። እሁድ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ሲቀመጥ፣ እሱ ቁራጩን በጆንያ ይዞ ከዳር ቆሞ ነበር። እኔ መሐል ገባሁና፣ ያን ቀን ይህ ሰው እውነቱን ሲነግረኝ አዋርጄዋለሁ፣ እናንተም ስቃችኋል፣ እሱ እንጨቱን ያውቅ ነበር፣ የማላውቀው እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ አልሁ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዘኝ። የሳቁት ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በሉ አሉ። እሱም ይቅር ለእግዚአብሔር አለና ቁራጩን እጄ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ቤታችን ገብቶ ከአባቴ ጋር በአንድ ገበታ ምሳ በላ። አባቱ ለአባቴ ያን ሁሉ ማረሻ ሠርተው ይህ ሆኖ አያውቅም ነበር።

አባቴ ቁራጩን መደቡ ላይ ተቀምጠው ተቀበሉት። ጆንያውን ገለጡ፣ እበቱን በጥፍራቸው አነሱ፣ አሸተቱት። ዳሰሱት። በክንዳቸው ለኩት። ማጠሩን እኔም እሳቸውም እናውቃለን፤ ስንዝሩ የለም። እኔ መሬት ቢውጠኝ እየተመኘሁ ቆሜያለሁ። ደጋግመው ለኩ።

"ያኔ ስንት ዓመትህ ነበር?" አሉኝ።

"ሦስት ነው ያሉኝ፣ አባባ።"

"ለሦስት ዓመት ልጅ ይበቃል" አሉና መሮ እንዲመጣላቸው እኅቴን ጠሩ።

ክረምቱን ሙሉ ፈለፈሉት። ሜዳው ውኃ ሆኖ፣ ከብቱ ደረቅ መሬት ፍለጋ ቤታችን ዙሪያ ቆሞ፣ እሳቸው ከበሩ ሥር ተቀምጠው በቀን አንድ እፍኝ ፍቅፋቂ ያወጣሉ። እኔ ሱሪዬን ሰብስቤ እየተሻገርሁ በየሳምንቱ እሄዳለሁ፤ ሥራዬ ቁራጩን በጉልበቴ መሐል አጥብቆ መያዝ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፣ መሮው ግን አይስትም። መሮው ሲዶለዱም ይፋግ ወስጄ አስሞርዳለሁ። ቀጥቃጩ ሁልጊዜ፣ የት ደረሱ ብሎ ይጠይቀኛል። መስቀል ሲያልፍ ፈልፍለው ጨረሱና ቆዳው ተወጠረ። ትልቅ ሰው አንገቱ ላይ ቢያንጠለጥለው ያስቃል፤ ቄሱ ግን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይህን የሚያህል ሲመኙ ነበር አሉ።

ለኅዳር ሚካኤል አስገባነው። አባቴ በራሳቸው እጅ ይዘው ሄዱ፤ ልያዝልዎ ብል እንቢ አሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ አንገቷ ላይ አደረገችውና ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ መታችው። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ግን ጥርት ያለ። አባቴ በትራቸውን ተደግፈው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስኪጨርሱ ሰሙ። ከዚያ ክንዴን ያዙና፣ "እስከ ዛሬ የሚካኤልን አደራ ነበር የያዝሁት። አሁን ልጄ ሆንህ" አሉኝ። ሰው መሐል አለቀስሁ፤ ምን ላድርግ።

እኅቴ በልጅነቷ አርጩሜ ቀምሳለች፣ ተሰድባለች፣ ተረግማለች። እኔን አባቴ አንድ ቀን ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም። ዕድለኛ ነኝ ስል ነበር የኖርሁት፤ ለካ የሚካኤል ንብረት ስለሆንሁባቸው ኖሯል። በበዓሉ ማግስት ሩዝ ላጓጉዝ ትራክተሬን ይዤ መጣሁና ሳላይ የኋላ ጎማዬን እሳቸው ባዘሩት ጓያ ላይ አሳረፍሁት። አባቴ ከበሩ ሥር ብድግ አሉ፣ በትራቸውን አንስተው እየመጡ፣ "አንተ ደንቆሮ፣ ዓይንህ የት ነው ያለው? ከዘር ላይ ውረድ!" ብለው እስከ ጎረቤት በሚሰማ ድምፅ ጮኹብኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ሰማኋቸው። ቶሎ እንዲያበቁ አልፈለግሁም።